ወሰን ለብቻ አይተከልም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ጋቢ አልብሶ፣ የግድግዳ ሰዓት ሸልሞ ሸኘኝ። ጋቢው ይሁን። ሰዓቱን ግን ምን አስበው እንደ ሰጡኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የሚረፍድበት ቢሮ ለሌለው ሰው ሰዓት መስጠት ለራሰ በራ ሚዶ እንደ መስጠት ነው፤ ራሰ በራም ስለሆንኩ ነገሩን በሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ።

በሽኝቱ ላይ ብዙ ተነገረ። ኢንጂነር ሰይድ ታታሪ፣ ኢንጂነር ሰይድ ትሑት፣ ኢንጂነር ሰይድ ተጫዋች። ምን ይሠራ እንደነበር ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። አልፈረድኩባቸውም፤ ለማስረዳት የሚያስቸግር ሥራ ነው። እናቴን ኮቦ ገበያ ላይ ልጅሽ ምን ይሠራል ሲሏት፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሦስት ማዕዘን ይሥላል ትላቸው ነበር። ለዚህም ደሞዝ ይከፍሉታል ብላ ትጨምርና ራሷ ትስቃለች። አላህ ይዘንላትና፣ ስለ ሥራዬ ከተሰጡት ማብራሪያዎች ሁሉ የሷን የሚያህል አልሰማሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግድብ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ነገር ይመስላል እንጂ አንድ ነገር አይደለም። መካከሉ ውሃ እንዳያሳልፍ ተረግጦ የተጠቀጠቀ የሸክላ ጭቃ ነው። ከጭቃው ግራና ቀኝ አሸዋና ጠጠር ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ይከመራል፣ በአንድ ጎኑ ደግሞ ውሃ የሚያሳልፍ የኮንክሪት ግንብ ይቆማል። ጠባያቸው ለየቅል ነው። ጭቃው ልምጥ ይላል፣ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ ኮንክሪቱ ግትር ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ግድብ የሚባል ነገር አያውቅም። ግድቡን በትንንሽ ሦስት ማዕዘን ቆራርጠህ፣ ይሄ ጭቃ ነው፣ ይሄ ድንጋይ ነው እያልክ አንድ በአንድ ካላጎረስከው በቀር ውሃው የት እንደሚገፋ፣ አፈሩ የት እንደሚሰነጠቅ ሊነግርህ አይችልም። ያንን ቁርጥራጭ ሜሽ እንለዋለን። እኔ ዕድሜ ልኬን የበላሁት የሜሽ እንጀራ ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ሦስት ማዕዘን በሁለት ዓይነት ነገር ላይ አይቀመጥም፤ ወይ ጭቃ ነው ወይ ድንጋይ። ወሰኑ ላይ ያለችው ነጥብ ግን የሁለቱም ናት። ጭቃውና ድንጋዩ ያቺን ነጥብ ካልተካፈሏት ኮምፒውተሩ ጎረቤታሞች መሆናቸውን አያውቅም፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው አይሰማውም። ይህን ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት ብል ዋሸሁ። የተማርኩት ከሮቢት በታች፣ አባቴ ማሳ ላይ ነው፤ በስድሳ ስድስት።

በእኛ አገር ስድሳ ስድስት ሲባል ረሃቡ ነው። የራያ ቆላ አፈሩ ስብ ነው፣ ዝናቡ ግን አያስተማምንም። እኛ የምንኖረው ከምዕራቡ ተራራ ግንፍል ብሎ በሚወርደው ጎርፍ ነው። ጎርፉን ጠልፈን ማሳችን ላይ እናስተኛዋለን፣ ማሽላውም ያንን ጠጥቶ ያድራል። ተራራው ላይ ካልዘነበ ጎርፍ የለም። ጎርፍ ከሌለ ማሽላ የለም። አልዘነበም፤ እንደገናም አልዘነበም። መጀመሪያ ከብቶቹ አለቁ። ከዚያ ሰዉ እየተነሳ ወደ አስፋልቱ ወረደ፣ ኮቦ ከተማ መንገድ ዳር ሆኖ እህል የጫነ መኪና መጠበቅ ጀመረ። ትንሿ እህቴ ዘይነብ እዚያው ኮቦ ለረሃብተኛው በተሠራው መጠለያ ውስጥ ሞተች። ያን ጊዜ አላለቀስኩም፤ ለማልቀስም አቅም ይጠይቃል።

የአባቴ ማሳ ከአያ ኪሮስ ማሳ ጋር ወሰንተኛ ነበር። እኛ ሙስሊም፣ እነሱ ክርስቲያን። በፋሲካ ለኛ የሚሆነውን በግ አባቴ ራሱ ሄዶ ያርዳል፣ በኢድ ደግሞ እነሱ የጾሙ ያህል ከኛ ቀድመው ይመጣሉ። አያ ኪሮስ ሚስቱንና ልጁን ለታይን ይዞ ጥጥ ለቀማ ይገኛል ብሎ ወደ አዋሽ ሲነሳ፣ አባቴን መሬቴን አደራ ብሎት ሄደ። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ።

ዝናቡ የተመለሰ ክረምት ጎርፉ እንደ ተበቀለ ሰው መጣ። ደለል ይዞ ወርዶ ሜዳውን ሁሉ አንድ አደረገው፤ የወሰን ድንጋዮች ሁሉ ተቀበሩ። ያን ጊዜ የቀረ ሰው ጥቂት፣ የሄደ ሰው ብዙ ነውና ያለ ሰው ወደ ሌለው ሰው እየተስፋፋ አረሰ። አባቴ ከዘመድ አንድ በሬና አንዲት ላም ለምኖ አጣምሮ ወጣ። አረሰ፣ አረሰና ወሰኑ ነው ተብሎ ከሚገመተው ቦታ ለመድረስ ብዙ ሲቀረው ሞፈሩን መለሰ። በሁለቱ ማሳ መካከል ሰፊ መሬት ጦም አደረ። የራበው ሰው መሬት ጦም ሲያሳድር አስቡት።

እናቴ ያን ዕለት የተናገረችውን ሁሉ አልጽፈውም። ኪሮስ ሞቷል ይባላል፣ ልጆችህ ረሃብተኛ ናቸው፣ ድንጋዩ የት እንደሆነ ልብህ ያውቀዋል፣ ቆፍረህ አውጣና እስከዚያ እረስ ነው ነገሯ። እውነቷን ነበር። አባቴ የመለሰላት አንድ ቃል ነው።

«ወሰን ለብቻ አይተከልም።»

በእኛ ዘንድ የወሰን ድንጋይ ሲተከልም ሆነ ሲነሳ ሁለቱ ወሰንተኞች ድንጋዩን አብረው መያዝ አለባቸው፣ አንዱ ባንድ በኩል፣ ሌላው በሌላ በኩል። ሽማግሌ ቆሞ ያያል። አንዱ ብቻውን የተከለው ድንጋይ፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ እንኳን ቢቀመጥ፣ ወሰን አይባልም፤ ድንጋይ ነው። እናቴ ከአባቴ ጋር ለብዙ ጊዜ አልተነጋገረችም። ውሃ አቀብል የምትለው በኔ በኩል ነበር።

በሚቀጥለው በጋ ለታይና እናቷ መጡ። አያ ኪሮስ መንገድ ላይ ቀርቷል። እናትየው ታማ ከቤት ስለማትወጣ፣ አባቴ ለታይን ጠርቶ መቆፈሪያ ይዞ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩ። ድንጋዩን አገኘነው። ለማየት ከቆሙት ሽማግሌዎች አንዱ ይህች የትናንት ልጅ እንዴት አድርጋ ወሰን ትይዛለች ብለው አጉረመረሙ። አባቴ ድንጋዩን በአንድ በኩል እንደያዘ ቀና ብሎ አያቸውና፣ «ኪሮስ ነው እጁን የላከው» አላቸው። ለታይ ያዘች። ክንዷ እንደ አገዳ የቀጠነ ነበር። ድንጋዩ ተነሳ፣ ከደለሉ በላይ ተተከለ፣ ከዚያም ሁላችንም ወደየቤታችን ሄድን። ኋላ መሬት ላራሹ ታውጆ መሬቱ ሲከፋፈል እንኳን ቀበሌው ያን ወሰን አልነካውም፤ ይዞታው ለነለታይ እዚያው ጸና።

ትምህርቱን ልለፈው፤ ኮቦ፣ ወልድያ፣ አዲስ አበባ፣ ምረቃ። ወሎየ ስለሆንኩ ዶርም ውስጥ ዝፈን ይሉኝ እንደነበርና ዘፈን እንደማልችል ሲያውቁ እንዳዘኑብኝ ብቻ ልናገር።

ሥራ የጀመርኩት ጋሽ መኩሪያ ሥር ነው። ጋሽ መኩሪያ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ካፖርቱን ሐምሌም ግንቦትም የማያወልቅ መሐንዲስ ነበር። አንቱ ማለት አይወድም ነበርና ሁላችንም አንተ እንለዋለን። ኮምፒውተሩ ያኔ ሌላ ሕንፃ ላይ ያለ፣ በቀዳዳ ካርድ የሚመገብ ማሽን ነው። እኛ ሜሹን በእርሳስ ትልቅ ወረቀት ላይ እንሥላለን፣ የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ እንለካለን፣ ቁጥር እንሰጠዋለን፣ ከዚያ ካርድ ላይ ይበሳል። አንድ ግድብ ወር ይፈጃል፤ አንድ ቁጥር ከተዛባ ደግሞ ማሽኑ የሰጠህን ውጤት ማንበብ የሰካራም ወግ መስማት ነው።

የጋሽ መኩሪያ ልማድ እንዲህ ነበር። ጠዋት ቀይ እርሳሱን በምላጭ ይቀርጻል። ወሰኑን ብቻ ይሥላል፤ ጭቃው ከአሸዋው የሚገናኝበትን፣ አሸዋው ከድንጋዩ፣ አፈሩ ከኮንክሪቱ። ቀኑን ሙሉ ወሰን ነው። ሌላው ነገር አያሳስበውም። ወሰኑ ላይ ነጥቦቹን ሲያስቀምጥ ዓይኑን ይጨፍንና በጣቱ ይሄድበታል፤ ነገር የሚለዋወጥበት ቦታ ነጥቡን ያቀራርበዋል፣ ነገር ጸጥ ያለበት ያራርቀዋል። ቀጭን ንብርብር ካለ፣ አንዲት የአሸዋ መስመር እንኳን ብትሆን፣ ቢያንስ ሦስት ረድፍ ሦስት ማዕዘን ካልገባባት አይለቃትም። ትንሽ ናት ብለህ ብትዘልላት ውሃው አይዘልላትም ይለን ነበር። ወሰኑ ሲያልቅ ቀዩን እርሳስ አስቀምጦ ጥቁሩን ያነሳና ወደ ውስጥ መሙላት ይጀምራል። መሙላቱ እንደ ጨዋታ ነበር ለሱ፤ ያን ጊዜ ያንጎራጉራል። በመጨረሻ ወረቀቱን ገልብጦ መስኮቱ ላይ ይለጥፍና ብርሃን እያሳለፈ ከጀርባው ያየዋል። ከፊት ለፊት ዓይን የለመደውን ስህተት ከጀርባ ያገኘዋል።

የማይወደው ነገር ቀጭን ሦስት ማዕዘን ነው። ወፍራም፣ ጎኖቹ የተመጣጠኑ ሦስት ማዕዘን ስሌቱን ይሸከማል፤ ቀጭንና ሹል የሆነው ያዛባዋል። አንድ ቀን የኔን ሥራ መስኮቱ ላይ ለጥፎ አየና፣ እነዚህን ከሲታዎች ከየት ለቃቀምካቸው፣ ከሲታ ጭነት አይሸከምም፣ አስወጣልኝ አለ። ስለ ሦስት ማዕዘን ነው የሚያወራው፤ አውቃለሁ። እርሳሴን አስቀምጬ ወጣሁ። ከሕንፃው ጀርባ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ከተከመሩበት አጠገብ ቆሜ ለዘይነብ አለቀስኩ። ስንት ዓመት የቆየ ልቅሶ ነበር፤ ሲወጣ ጊዜ ማቆም አቃተኝ። ጋሽ መኩሪያ መጥቶ አንድ ስባሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ነገርኩት። አይዞህም አላለኝ፣ ይቅርታም አላለኝ፤ እስክጨርስ ተቀመጠ። በማግስቱ የአንዱን ልጅ ሥራ ሲያይ፣ እዚህ ጋ ሰንበሌጥ በዝቷል አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጭን ሦስት ማዕዘን በቢሯችን ሰንበሌጥ ሆኖ ቀረ። ዛሬም ወጣቶቹ መሐንዲሶች ሰንበሌጥ ነው የሚሉት፤ ከየት እንደ መጣ አንዳቸውም አያውቁም። ሲሉት በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ያልተዛወርኩበት የለም። አርባ ምንጭ ነበርኩ፣ ባሕር ዳር ነበርኩ። የሥራ ጥራት በወረቀት ውፍረት የሚለካ አለቃ ገጥሞኛል፤ እሱ ዘንድ እድገት ያገኘሁት ሰፋፊ ኅዳግ በመተው ነው። ሌላው አለቃ ቢሯችን የመጀመሪያዎቹን ኮምፒውተሮች ሲያገኝ ክፍሉ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ ጫማ አውልቁ አለን። ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ እኔ የመስጊድ ሰው ነኝና አብሽሩ፣ ይለመዳል እላቸዋለሁ። ደሞዙ እንደምታውቁት ነው። ፕሮግራሞቹ እየረቀቁ መጡና ወር የሚፈጀውን ሜሽ ከምሳ በፊት ይሠሩልን ጀመር። ለእርሳሱ ያዘነ ሰው ነበር፤ እኔ አላዘንኩም። ዓይኔ ደክሞ ነበር፣ ጀርባዬም እንዲሁ።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልምጣ።

በዘጠናዎቹ ውስጥ ለእኛው አገር፣ ከሮቢት በላይ ከተራራው በሚወርደው ወንዝ ላይ የጎርፍ መጥለፊያ ሊሠራ ተወሰነ። መካከሉ የኮንክሪት ግንብ፣ ግራና ቀኙ የአፈር ክንድ፤ ጎርፉ ሲመጣ ግንቡ ያስቆመዋል፣ በቦዩ ወደ ማሳው ይዞራል። ሰው በየክረምቱ ጭራሮና ድንጋይ እየቆለለ የሚጠልፈው ጎርፍ ያን ጊዜ እንደ ልብ ሊታዘዝ ነው። ከቦዩ ሥር የመጀመሪያው ማሳ የለታይ ነው። ለታይ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ጠንካራ ሴትዮ ሆናለች። ሥራው ለኛ ክፍል መጣ ሲባል፣ እኔ ለልጄ ሠርግ እንኳን እንደዚያ አልተደሰትኩም።

ጊዜ ጠበበና የክፍሉ ኃላፊ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። ኮንክሪቱን ኢንጂነር ፍቅሩ የሚመራው የኮንክሪት ቡድን፣ አፈሩን የእኛ ቡድን። የኮንክሪት ሰዎችና የአፈር ሰዎች በቢሯችን ሻይ እንኳን አብረው አይጠጡም። እነሱ እኛን ጭቃ አቡኪ ይሉናል፤ እኛ እነሱን ከምንላቸው ለጽሑፍ የሚሆን የለም። እነሱ የግንቡን ሜሽ በነሱ ፕሮግራም ሠሩ፣ እኛ የአፈሩን በኛ ሠራን። የነሱ ነጥቦች ግንቡ ጫፍ ላይ በነሱ ልክ ተደረደሩ፣ የኛም አፈሩ ጫፍ ላይ በኛ ልክ። እነሱ አፈሩን እንደ ጸና ግድግዳ ቆጠሩት፣ እኛ ኮንክሪቱን እንደዚያው። ሁለቱም ውጤት ያማረ ነበር። ግንቡ ይቆማል ተባለ፣ ክንዱም ይቆማል ተባለ። ሁለቱም ወረቀት አንድ ላይ ተጠርዞ ሄደ።

ተሠርቶ ባለቀ በመጀመሪያው ክረምት፣ በሦስተኛው ጎርፍ፣ ግንቡ ቆመ። ክንዱም ቆመ። ውሃው በሁለቱ መካከል ሄደ። አፈሩ ከኮንክሪቱ በተጣበቀበት መስመር ላይ ጣት የምታህል ቀዳዳ ሠራ፣ ቀዳዳዋ በር ሆነች፣ በሩም የክንዱን ሥር ይዞት ወረደ። ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ጎርፉ ግን ማሳ ሳይነካ ወደ ታች አለፈ፣ የድሮው የጭራሮ መጥለፊያም ፈርሶ ነበርና የዚያ ዓመት ማሽላ ደረቀ።

ለታይ ጋ ሄድኩ። ማሳዋ ዳር ቆማ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ ሳትቀልድብኝ ሰላም ብላኝ አታውቅም፤ ያን ቀንም ቀልድ ጀምራ ነበር፣ ሦስት ማዕዘንህ ውሃ አይዝም እንዴ ብላ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ሰይዶ፣ የምርህን ንገረኝ። ስድሳ ስድስት ነው እንዴ የሚመጣው?»

አይደለም አልኳት። ዘመኑ ሌላ ነው፣ እህል ይመጣል፣ አብሽሪ አልኳት። ኋላ ግን የሚመጣው ክረምትም ውሃው እንዲሁ ካለፋት ልጆቿን ይዛ አባቷ በሄደበት መንገድ ወደ አዋሽ እንደምትወርድ ነገረችኝ። ያንን ስትል ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ነኝ የፈራሁት። የአያ ኪሮስን ጀርባ፣ ያን ጊዜ ሲሄድ ያየሁትን፣ እንደገና ያየሁ መሰለኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ በስብሰባው ላይ የማንም ስህተት አይደለም ተባለ። እውነትም ሁለቱ ሜሾች ተመርምረው እንከን አልተገኘባቸውም። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁና ጡረታ የወጣውን ጋሽ መኩሪያን ልጠይቅ ቤቱ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ካፖርቱን ለብሶ ተቀምጧል። ወረቀቶቹን ዘረጋሁለት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳሁት። ሥዕሎቹን አንስቶ ወደ ፀሐዩ ገልብጦ ከጀርባቸው አያቸው።

«ወሰኑን ማን ሠራው?» አለኝ።

«እነሱ የነሱን፣ እኛ የኛን።»

«እንግዲያው ማንም አልሠራውም» አለና ወረቀቶቹን አጥፎ መለሰልኝ።

ከጋሽ መኩሪያ ቤት እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ስሄድ በጆሮዬ ያለው የአባቴ ድምፅ ነበር። ሁለት ድንጋይ ተክለን ነበር፤ አንዱን እኛ ብቻችንን፣ ሌላውን እነሱ ብቻቸውን። የራያ ልጅ ሆኜ እንዴት አላየሁትም እያልኩ በራሴ ተናደድኩ፤ ከንዴቴ ብዛት ፌርማታዬን አለፍኩ።

ኃላፊው የፈረሰውን ክንድ ኮንክሪቱን አወፍሮ ቶሎ ማስጠገን ነበር ያሰበው። እኔ ኮንክሪቱ ቢወፍር ውሃው ያችኑ መስመር ነው የሚፈልገው፤ ግንቡና ክንዱ አንድ ሜሽ ሆነው እንደገና ይሠሩ አልኩ። ጊዜ የለም አለ። ወላሂ፣ በሥራ ዘመኔ አለቃ ላይ ድምፄን ያነሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ክረምቱ ሳይደርስ ካልጨረስን የሚሰደዱትን ሰዎች በስም አውቃቸዋለሁ አልኩት። ሦስት ሳምንት ሰጠን፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቀን አልጨምርም አለ።

ኢንጂነር ፍቅሩን ትልቅ ወረቀትና ቀይ እርሳስ ይዤ ቢሮው ሄድኩበት። ይህ ሁሉ ኮምፒውተር ተገትሮ በእርሳስ ምን ልትሠራ ነው አለኝ። ፍቅሩ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ማሳም ወሰንም አያውቅም። ተቀምጬ የአባቴን ድንጋይ ነገርኩት፤ አያ ኪሮስን፣ ጦም ያደረውን መሬት፣ የለታይን እጅ። መጀመሪያ ሰዓቱን ያይ ነበር፤ በኋላ ማየቱን ተወ። ስጨርስ ወንበሩን ወደኔ ሳበ።

ወሰኑን አብረን ሠራነው። እኔ አንድ ነጥብ ሳስቀምጥ እሱ ለኮንክሪቱ ይስማማ እንደሆነ ያያል፣ እሱ ሲያስቀምጥ እኔ ለአፈሩ። ሁለታችንም ካልተስማማን ነጥብ የለም። ተጨቃጨቅን፤ ኧረ ተሰዳደብንም። ግን ሜሹ አንድ ከሆነ በኋላ፣ በሁለት ወረቀት ተደብቆ የነበረው ነገር ወጣ። ግንቡ ቀጥ ብሎ ስለቆመ አፈሩ እየረጋ ሲሄድ ከግንቡ ይሸሻል፤ ጭነቱ ሲለቀው ውሃ የሚገባበት ክፍተት ይተዋል። ፍቅሩ ስክሪኑን ብዙ ጊዜ አየና፣ ግትሩ እኔ ነኝ ለካ አለ። የግንቡን ጎን ዘመም አድርጎ እንደገና ነደፈው፤ አፈሩ በረጋ ቁጥር እንዲደገፍበት እንጂ እንዳይርቀው። እኔ ደግሞ ግንቡን የሚነካውን ጭቃ ለየሁት፤ ከሌላው የረጠበና የለሰለሰ፣ ማሽን ሳይሆን ሰው በእግሩና በእጅ መጠቅጠቂያ እየረገጠ የሚያጣብቀው። ያቺ ቀጭን ጭቃ በሜሹ ላይ ሦስት ረድፍ ሦስት ማዕዘን አገኘች፤ ሰንበሌጥ የሌለበት። ስንጨርስ ፍቅሩ ሻይ ጋበዘኝ። በቢሯችን ታሪክ የኮንክሪት ሰው ለአፈር ሰው የከፈለው የመጀመሪያ ሻይ ነው፤ ስኳሩ በዝቶ ነበር።

ግንባታው ከክረምቱ ጋር ተሽቀዳድሞ አለቀ። ሐምሌ ላይ ፈቃድ ወስጄ ሮቢት ወረድኩ። ጋሽ መኩሪያ ያን ክረምት ታሞ ስለነበር፣ ሲሆን ደውልልኝ፣ ሳይሆንም ደውልልኝ ብሎኛል።

አንድ ከሰዓት ተራራው ጠቆረ። ለታይ ማሳዋ ዳር መቆፈሪያዋን ተደግፋ ቆማለች፣ እኔ አጠገቧ ነኝ። ልጆቿ ዕቃ አስረው እንደነበር አይቻለሁ፤ በር ላይ ሁለት የታሰረ ጆንያ ነበር። ስለ ጆንያዎቹ እሷም አላነሳች፣ እኔም አልጠየቅኩ። ጎርፉ መጀመሪያ ድምፁ መጣ። ቁርኣን የምቀራው ግማሹ ጠፋብኝ። ከዚያ ከላይ ሰዎች እየጮሁ ሲሮጡ አየን፣ የደስታ ይሁን የድንጋጤ አይለይም። ኋላ ቦዩ ውስጥ ቀይ ውሃ እየተገላበጠ መጣ። ለታይ በመቆፈሪያዋ የማሳዋን አፍ ከፈተችለት። ውሃው ገባ፣ ተኛ፣ እየተስፋፋ ሄደ። ለታይ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ አያፍርም ሰው በእንዲህ ያለ ነገር።

ክረምቱን ሙሉ ቆመ። ብዙ ክረምት ቆመ፤ ዛሬም ቆሟል። ያን ቀን አመሻሽ ላይ ኮቦ ወጥቼ ለጋሽ መኩሪያ ደወልኩ። ወሰኑ ያዘ አልኩት። ማንጎራጎሩን በስልኩ ሰማሁት።

ጡረታ ወጥቼ ወደ ሮቢት ስመለስ የአባቴን ማሳ፣ ከሱ ሞት በኋላ ሲያርሰው የነበረው ወንድሜ ለኔ ለቀቀልኝ። እርሻ እንደማላውቅ አገር ያውቃል፤ ለታይም በየገበያው ትናገራለች። ሰዓቱን መስጊድ ሰጠሁት፣ ጋቢውን እለብሰዋለሁ። ባለፈው በጋ ለታይ ከማሳዋ ጠራችኝ። የጎርፉ ደለል ከዓመት ዓመት እየተቆለለ የድንጋዩ ጫፍ ብቻ ነበር የቀረው፤ ሊቀበር ነው። ሽማግሌ ይጠራ አልኳት። ሽማግሌ ማን ቀረ፣ እኛው ነን አለችና ቆፍራ አወጣችው። በአንድ በኩል ያዘች። ክንዷ ዛሬ የኔን ሁለት ያህላል።

እኔ ቆሜ አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ወሰን ሳሠምር ኖሬ፣ በእጄ ወሰን ይዤ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አለች። «አባትህ እጁን ልኳል፣ ያዝ እንጂ።»

ያዝኩ። ከባድ ድንጋይ ነው፤ ለብቻ አይነሳም።